ለመድረክ የሚሆን ሊድ ጊታር፦ ሜክሲኮ የተሠራ ፌንደር ወይስ አንድ ሰው በእጁ የሠራው?

ሊድ_ቀበና

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። የአጎቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ይመጣል። ጊታር ይዤልህ እመጣለሁ ብሎኛል። ያለኝ ዘጠኝ መቶ ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለም።

ዓይኔ ሁለት ነገር ላይ አርፏል። አንዱ አዲስ፣ ሜክሲኮ የተሠራ ፌንደር ስትራቶካስተር ነው። ሌላው ያገለገለ ነው። አንድ ሰው በራሱ ወርክሾፕ በእጁ የሠራው፣ ስትራት የሚመስል ጊታር። ሠሪውን ማንም አያውቀውም። ፎቶው ግን ልብ ይሰርቃል።

የባንዳችን ኪቦርዲስት «የእጅ ሥራ እያለ የፋብሪካ ምን ያደርግልሃል?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ቅዳሜና እሁድ ማታ እሠራለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ ሬጌ፣ የታዘዝነውን ሁሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ አልፈልግም። በአሠራር ጥራት በእውነት ይለያያሉ? ወይስ ወሬ ነው?

ቤዝ_ብቻ

ቤዝ ግዛ። ሊድ ተጫዋች በየሰፈሩ ሞልቷል።

ጣውላ_ወዳጅ

ምን ጥያቄ አለው? የእጅ ሥራውን ነዋ! ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይልጋል፣ ሌላው ይቀባል። ጊታሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቀው ሰው የለም። በእጁ የሚሠራ ሰው ግን ጣውላውን ራሱ ይመርጣል። አንኳኩቶ ይሰማዋል። ስሙን ይጽፍበታል፤ ለስሙ ሲል አያበላሽም። ጥሩ ክራር የሚሠሩትን ተመልከት። ስትራዲቫሪ ቫዮሊኑን በማሽን አልሠራም። ጊታር ለምን ይለያል?

ጠጋኝ_ፒያሳ

ጣውላ ወዳጅ፣ ጥያቄው ስለ ክላሲክ ጊታር ቢሆን አብሬህ እሰለፍ ነበር። እዚያ ድምፁን የሚያወጣው የፊት ለፊቱ ስስ ጣውላ ነው። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የእያንዳንዱ ጣውላ ጥንካሬ ደግሞ ይለያያል። ጥሩ ሠሪ በእጁ እያጠፈ፣ እያንኳኳ፣ ትንሽ ትንሽ እየላገ ልኩን ያገኛል። ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ጣውላ እንዲህ ሊጨነቅ አይችልም። እንዳይሰነጠቅበት ወፈር አድርጎ ያልፈዋል። ድምፁም በዚያው ልክ ይታፈናል።

ሶሊድ ቦዲ ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሌላ ዕቃ ነው። ፒክአፑ መግነጢስና የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። የሚከታተለው የብረቱን ክር እንቅስቃሴ ነው። የስትራት አካል 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድፍን ጣውላ ነው። እሱን ስታንኳኳ ብትውል የምታገኘው ጥቂት ነው።

አመጣጡንም እንይ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በ1950 ዛሬ ቴሌካስተር የምንለውን ሲያወጣ፣ በ1954 ስትራቶካስተርን ሲጨምር፣ ያሰበው በብዛት ለማምረትና ለመጠገን የሚመች ዕቃ ነው። አካሉ ጠፍጣፋ ጣውላ ነው። አንገቱ በሙጫ አይጣበቅም፤ በአራት ብሎን ይታሰራል። ከተበላሸ ፈትተህ ሌላ ትገጥማለህ። ስለዚህ ስትራት ፋብሪካ ገብቶ አልረከሰም። ሲወለድም የፋብሪካ ልጅ ነው።

ታዲያ ጥራት የት ይለያል? አንገቱ ላይ፣ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች) ላይ፣ ነቱ (ክሩ ከራሱ ወደ አንገቱ ሲያልፍ የሚያርፍባት ባለ ቦይ ቁራጭ) ላይ። እኔ ጋ ጊታር ይዞ የሚመጣ ሰው፣ የፋብሪካም ይሁን የእጅ፣ ቅሬታው ከነዚህ ብዙም አያልፍም። ፍሬቶቹ እኩል ካልሆኑ ክሩ አንዱ ቦታ ይንዛረዛል፣ ሌላው ቦታ ይሞታል። የነቱ ቦይ በበቂ ካልተቆረጠ አንደኛው ፍሬት ላይ ስትጫን ክሩ ከልክ በላይ ይወጠራል። ኤፍ ኮርድህ ከቅኝት ይወጣል። ቦዩ ከጠበበ ደግሞ ክሩ ይያዛል። ባጠፍከው ቁጥር ቅኝቱ ይሄዳል። ሰዉ «የመቃኛ ቁልፎቹ ልል ናቸው» ብሎ አዲስ ቁልፍ ያስገጥማል። ቁልፎቹ ምንም አላደረጉም፤ ነቱ ነው።

እነዚህን ማስተካከል ሰዓት ይበላል። ርካሽ ፋብሪካ የሚቆጥበውም ይህችን ሰዓት ነው።

ጣውላ_ወዳጅ

> ሲወለድም የፋብሪካ ልጅ ነው

አሪፍ አባባል ነው። ታዲያ የ1950ዎቹ ፌንደር ዛሬ ለምን በመኪና ዋጋ፣ አንዳንዱም በቤት ዋጋ ይሸጣል? በእጅ ስለተሠራ አይደለም እንዴ?

ጋሽ_ሆቴል_ባንድ

ልጆች፣ እዚህ ላይ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ።

ያን ጊዜም ፋብሪካ ነበር፤ ግን ማሽኑ ብዙ እጅ ይፈልግ ነበር። አንገቱን በሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያስጠጋ ቅርጽ የሚያወጣው ሰው ነው። የዚያ ዘመን አንገት አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጀርባው ሹል የሆነው ለዚህ ነው። ታዴዮ ጎሜዝ የሚባል ሠራተኛ የስሙን መነሻ ፊደላት አንገቱ ተረከዝ ላይ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ብሎን ፈትተው የእሱን ፊደላት ይፈልጋሉ። አቢጌል ኢባራ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምራ ፒክአፕ ስትጠቀልል የኖረች ሴት ናት። በኋላ የእሷ ፊርማ ያለበት ፒክአፕ ለብቻው ተፈላጊ ሆነ። ሁለቱም የፋብሪካ ደመወዝተኞች ናቸው።

ዋጋው የናረው ጊታሩ ጥቂት ስለሆነና ታሪክ ስላለው ነው። ከመካከላቸው የማይረባም አለ። ጥሩ ጥሩው ነው ተጠብቆ የቆየው።

ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ስሙ። በጥር 1965 ሊዮ ኩባንያውን ለሲቢኤስ ሸጠ፤ ለቴሌቪዥኑ ሲቢኤስ፣ በ13 ሚሊዮን ዶላር። የጊታሩ ስም ያው፣ ሞዴሉ ያው። ግን ብዛት ተፈለገ። በ1970ዎቹ አንገቱ አካሉ ውስጥ የሚገባበት ቦታ እየላላ መጣ። ከ1971 ጀምሮ ስትራት ላይ አራቱ ብሎን ሦስት ሆነ። ሐሳቡ እንኳን ክፉ አልነበረም፤ የአንገቱን ዘንበል ሳይፈታ ማስተካከል ይቻል ነበር። ቦታው በልኩ ካልተፈለፈለ ግን አንገቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ክሩም ከጠርዝ ይወርዳል። በ1985 የኩባንያው ኃላፊዎች ራሳቸው ተሰባስበው ከሲቢኤስ ገዙት።

በመሀል፣ በ1982፣ ጃፓን ማትሱሞቶ ከተማ ያለው ፉጂጄን የተባለ ፋብሪካ ፌንደርን መሥራት ጀምሮ ነበር። ርካሽ አማራጭ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ሥራ አሜሪካ ከሚወጣው በልጦ ተገኘ። የፌንደር ሰዎችም አልካዱትም።

ስለዚህ የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዘመን፣ ስንት ሊሸጠው አስቦ ብላችሁ ጠይቁ። በእኛ ጊዜ እንኳ ይህም አይጠየቅም። መሣሪያው የቤቱ ነው፤ ባለቤቱ የገዛውን ትጫወታለህ። ሲከፋህም ከእሱ ጋር ነው የምትከፋው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እንዲህ ያለውን ሌላ ቦታ አናገኘውም።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ፒአርኤስ የሚባለው የጊታር ኩባንያ ፋብሪካው እዚሁ ስቲቨንስቪል ነው። የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከእኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። ፖል ሪድ ስሚዝ አናፖሊስ ውስጥ በእጁ ጊታር እየሠራ የጀመረ ሰው ነው። ፋብሪካ የከፈተው በ1985 ነው። ዛሬ አካሉንና አንገቱን የሚፈለፍለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን፣ ሲኤንሲ የሚሉት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያሻሽው፣ ቀለሙን የሚያስገባው ሰው ነው። በአካሉ ዙሪያ ነጣ ብላ የምትታየዋን መስመር አይታችኋል? ፕላስቲክ አይደለችም፤ ያው ሜፕሉ ነው። ቀለም እንዳይነካት ትሸፈናለች። ያመለጠው ቀለም በእጅ ይፋቃል። እንግዲህ ይህን የፋብሪካ በሉት ወይ የእጅ።

በሌላ በኩል ትንንሾቹም ውድ ሠሪዎች ማሽን አላቸው። ካሊፎርኒያ ያለው ሱር ሲኤንሲም ፕሌክም ይጠቀማል። ፕሌክ የበርሊን ሥራ ነው። ጊታሩ ክሩ እንደተወጠረ ማሽኑ ውስጥ ይቆማል። ማሽኑ አንገቱ በክሩ ጉተታ ምን ያህል እንደታጠፈ፣ የእያንዳንዱ ፍሬት ከፍታ ስንት እንደሆነ ይለካል። ከዚያ መነሳት ያለበትን ብቻ ከፍሬቱ አናት ላይ ያነሳል። ጊብሰንም ያው ማሽን አለው። አንድ ጎበዝ ባለሙያ በሞረድ የሚሠራውን ነው የሚሠራው፤ ግን ዓርብ ማታም አይደክመውም።

ዋጋው ቀነስ ያለው የፒአርኤስ ኤስኢ ደግሞ ኢንዶኔዥያ፣ ሱራባያ፣ ኮር-ቴክ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ዋጋው የአሜሪካኑን ሩብ ያህል ነው። ፊቱ ላይ ያለው የሚያምረው ሜፕል ስስ ልባጥ ነው፤ ብረታ ብረቱና ሽቦውም ረከስ ይላል። አንገቱና ፍሬቱ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ብትይዘው ዋጋውን አትገምትም።

ያማሃ_ሰው

ከገንዘብህ ግማሽ በማይሞላ ያማሃ ፓሲፊካ ግዛ። በቀሪው አምፕህን አሻሽል። ተመልካች የሚሰማው አምፕህን ነው።

ማህሌት_ሠሪ

እኔ በትርፍ ጊዜዬ ጊታር እሠራለሁ። ስለዚህ ለእጅ ሥራ ታዳላለች ትሉኝ ይሆናል። በግማሽ ብቻ።

ፍሬትን ውሰዱ። ስትራት ላይ ከነት እስከ ብሪጅ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት ብረት) 648 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ስታካፍሉት 36.37 ይመጣል፤ አንደኛው ፍሬት እዚያ ነው። የቀረውን እንደገና ለ17.817 ስታካፍሉ 34.33፤ ሁለተኛው። እንዲህ እያለ 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ ያርፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። እጅ ግን ይስታል። 12ኛው ላይ ግማሽ ሚሊ ብትስቱ ድምፁ የግማሽ ቃናን ሦስት መቶኛ ያህል ይዛባል። ብዙ ጆሮ አያውቀውም። 22ኛው ላይ ያችው ግማሽ ሚሊ ወደ አምስት መቶኛ ትጠጋለች። ሁለት ጎረቤት ፍሬቶች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ከሳቱ ደግሞ ብሪጁን ስታስተካክሉ ብትውሉ አይድንም። ሲኤንሲ እንዲህ አይስትም። እኔም የፍሬት ቦዩን በማሽን ነው የማስቆርጠው።

እጅ የሚበልጠው ሌላ ቦታ ነው። ለአንገት እንጨት ስመርጥ መስመሩን አያለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ካልሄደ አልነካውም። ፋብሪካ እንዲህ ልምረጥ ቢል አያዋጣውም። ከቆረጥኩት በኋላ አሳርፈዋለሁ። እንጨት ሲቆረጥ ውስጡ የነበረው ውጥረት ይለቃል፤ ትንሽ ይጣመማል። ተጣሞ ሲያበቃ እንደገና አቀናዋለሁ። የሚቸኩልብኝ አለቃ የለም። የተጫዋቹን እጅ አይቼ አንገቱን አወፍራለሁ፣ አቀጥናለሁ። የፊንገርቦርዱን (ጣት የሚያርፍበትን የአንገቱን ፊት) ጠርዝ አለዝባለሁ። ይህ ልፋት በፎቶ አይታይም። እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

በቀለም ፋብሪካው ይበልጠናል። አቧራ የማይገባበት ክፍል፣ ማድረቂያ መብራት አለው። እኔ ቀለም ቀብቼ ዝንብ ለማባረር ቆሜ ነው የማድረው።

ለአካል ዋንዛ እጠቀማለሁ። ያው ለቤት ዕቃ የምንወደው ዋንዛ። አይከብድም፣ ለመላግ ይመቻል። ችግሩ እርጥበቱ ነው። ለጊታር የሚፈለገው ከ6 እስከ 8 ከመቶ ነው። «ደርቋል» ተብሎ የሚሸጥልን እንጨት ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ይርቃል። መለኪያ ሳትይዙ አትግዙ።

ጣውላ_ወዳጅ

ማህሌት፣ ይሄ ቁም ነገር ነው። ዋንዛው ፌንደር ከሚጠቀምበት ከአልደር እንጨት ጋር ሲተያይ ድምፁ እንዴት ነው? ሞቅ ይላል?

ማህሌት_ሠሪ

ፒክአፕ ስቀይር የምሰማውን ያህል ለውጥ እንጨት ስቀይር ሰምቼ አላውቅም።

ጣውላ_ወዳጅ

እንግዲህ ጆሮሽን ተመርመሪ።

አወያይ

ስለ እንጨትና ድምፅ ለብቻው የተከፈተ ውይይት አለ፤ እንደምታውቁት እስካሁን አልበረደም። እዚያ ሂዱ። እዚህ ስለ አሠራር ብቻ። ጣውላ ወዳጅ፣ የሰው ጆሮ አይነካ።

ሊድ_ቀበና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን። ለሻጩ ጽፌለታለሁ፤ ተጨማሪ ፎቶ እልካለሁ ብሏል። ምን ምን ልጠይቀው? ጊታሩን ሳልይዘው አሠራሩን በፎቶ መለየት ይቻላል?

ጠጋኝ_ፒያሳ

ግማሹን ይቻላል።

አንደኛ፣ ጊታሩን ከብሪጁ በኩል ዝቅ ብሎ አንገቱን እስከ ራሱ በቀጥታ የሚያሳይ ፎቶ ያንሳ። አንገቱ ዘመም ካለ ወይም ከተጠማዘዘ እዚያ ይታያል። መጠማዘዝ ካለ በቃ፣ ተወው። ሁለተኛ፣ አንገትና አካል የሚገናኙበትን ቦታ በቅርብ ያሳይህ። ክፍተት አለ? ስድስተኛውና አንደኛው ክር ከአንገቱ ጠርዝ እኩል ይርቃሉ? አንዱ ጠርዝ ላይ ከተንጠለጠለ አንገቱ በልኩ አልገባም፣ ወይም ብሪጁ ተዛብቶ ተበስቷል። የመጀመሪያው ይድናል፤ ሁለተኛው መከራ ነው።

ከሁሉ በላይ ትረስ ሮዱን ጠይቀው። አንገቱ ውስጥ ያለችው የብረት ዘንግ ናት፤ የክሩን ጉተታ የምትመክተው እሷ ናት። ቁልፏ ገና ይዞራል ወይስ እስከ መጨረሻው ጠብቋል? ጠብቆ እያለ አንገቱ አሁንም ወደ ፊት ከታጠፈ ጊታሩ ጨርሷል። ጤነኛ አንገት ፍጹም ቀጥ አይልም፤ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድጎድ ይላል። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር 2 ሚሊ፣ ቀጭኑ 1.5 ሚሊ ከፍ ብለው ሳይንዛረዙ ከሰጡህ ፍሬቱ ላይ የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል።

የጀርባውን ወይም የፊቱን ሽፋን ፈትቶ ሽቦውንም ያሳይህ። ሶልደሩ የሚያብረቀርቅና ለስላሳ መሆን አለበት። ጉልድፍድፍ ያለ ከሆነ መድረክ ላይ ድንገት ጸጥ ሊልብህ ይችላል። ውስጡ መዳብ ወይም ሼልድ የሚያደርግ (ጉርምርምታን የሚከልል) ቀለም ካለው ተመስገን በል። እኛ ጋ ግራውንዱ በደንብ ያልተሠራ አዳራሽ ብዙ ነው። ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (ስትራት ላይ የተለመደው ባለ አንድ ጥቅል) ሲያጉረመርም ያመሻል።

የፊንገርቦርዱ ጉብጠትም ይጠየቅ። የድሮው ፌንደር ራዲየስ 184 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጉብጠቱ ይበዛል። ለኮርድ ይመቻል። ግን ትዝታ ላይ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ክሩን አጥፈህ ልታስለቅስ ስትል ክሩ ከጉብጠቱ ጋር ይጋጫል፣ ድምፁም ይቆረጣል። የዛሬው 241 ነው፤ ለአንተ አጨዋወት የሚሻለው እሱ ነው። በእጅ ከሚሠሩት አንዳንዱ የድሮውን ልክ ይመርጣል፤ ሠሪው የቱን እንዳደረገ ማወቅ አለብህ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገርህ፣ በኋላ «ሸወዱኝ» እንዳትል። ሜክሲኮ ያለው የፌንደር ፋብሪካ ኤንሴናዳ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ክረምቱ አልፎ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ውሃውን ይለቅቃል፣ ይጠባል። ፍሬቱ ብረት ነው፤ አይጠብም። ጫፉ ከጠርዙ ወጣ ይልና እጅ ይቧጭራል። ይህን ያየ ሰው «የፋብሪካ ሥራ!» ብሎ ይሳደባል። ጊታሩ ግን ሲሠራ ደህና ነበር። በጥሩ ሞረድ የሚያልቅ ነገር ነው። የእጅ ሥራውም ላይ ይደርሳል፤ እንጨት ፓስፖርት አይለይም።

ዱባይ_ማታ

የእጅ ሥራ ልገዛ ብለህ ከሆነ ሠሪው ዛሬም መኖሩን አረጋግጥ። እኔ አንድ ገዝቼ ነበር። ሲይዙት ግሩም ነው፤ ሐሰት አልናገርም። ብሪጁ ሲሰበር ግን ልኩ ከማንም አይገጥምም፤ ሠሪው ራሱ የሠራው ነው። ሥራውን ትቶታል፣ መልእክትም አይመልስም። ሌላ ብሪጅ ለመግጠም አዲስ ቀዳዳ መብሳት ግድ ሆነ። ስትራት ቢሆን መለዋወጫው የትም አለ።

ጋሽ_ሆቴል_ባንድ

ለጣውላ ወዳጅም አንድ ልስጠው፤ ብቻውን ተከራከረ። ኩዊን የተባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ የሚጫወትበትን ቀይ ጊታር ከአባቱ ጋር ሆኖ ነው የሠራው። በ1963 ጀመሩት። አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ የተገኘ እንጨት ነው። ትሬሞሎው (ክሩን እያላላ ድምፁን የሚያወዛውዘው ክፍል) የሞተር ብስክሌት ስፕሪንግ አለው። ያን ጊታር ይዞ ዓለምን ዞረ፤ አሁንም ይዞታል። ፋብሪካ የሠራው ስንት ጊታር በዚህ መሀል ተጥሏል!

ግን አባትየው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበሩ። ሠሪው ራሱ ተጫዋቹ ነው። አንድ ሚሊ ሲዛባ በማግስቱ የሚያውቀው እሱ ነው። ሊድ ቀበና የሚገዛው ግን በማያውቀው ሰው እጅ የተሠራውን ነው።

ጣውላ_ወዳጅ

ጋሼ፣ ከእርስዎ የመጣ ስለሆነ ተቀብያለሁ። ማህሌት፣ ስለ ጆሮው ይቅርታ። ዋንዛሽን ግን አንድ ቀን መስማት አለብኝ።

ሊድ_ቀበና

ፎቶው መጣ። ሊንኩን ለጠጋኝ በውስጥ መስመር ልኬያለሁ። ሻጩ 850 ብሏል፤ ከዚያ አይወርድም። ትረስ ሮዱን ስጠይቀው «ነክቼው አላውቅም» አለኝ።

ጠጋኝ_ፒያሳ

አየሁት። መጀመሪያ ላመስግን፤ ሠሪው እጅ አለው። አንገቱ አካሉ ውስጥ ሲገባ ወረቀት አያስገባም። እንዲህ ያለ ግጥምጥም ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ አታገኝም። የፍሬቱ ጫፍ ክብ ክብ ተደርጎ ተሠርቷል። ሽቦው ንጹሕ ነው።

ከጎን የተነሳውን ፎቶ አጉልተህ ተመልከት። አንገቱ መሀሉ ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከ0.25 በብዙ ያልፋል። ክሩ 12ኛው ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ራሱ ላይ ያለችው የትረስ ሮዱ ቁልፍ ዙሪያዋ ተልጣለች፤ አንድ ሰው ታግሏታል። «ነክቼው አላውቅም» ያለው እሱ ይሆናል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ግን ነክቷል። አንገቱ ይድን እንደሆነ ሳልይዘው አልምልም። ካልዳነ ሌላ አንገት ያስፈልግሃል። የዚህ ተረከዝ ደግሞ የፌንደር ልክ አይመስለኝም።

850 ከፍለህ ሃምሳ ዶላር ይቀርሃል። በሃምሳ ዶላር አንገት አይሠራም።

እኔ ብሆን አዲሱንም አልገዛም። ያገለገለ ሜክሲኮ ስትራት፣ ትረስ ሮዱ የሚዞር፣ ፍሬቱ ያላለቀ፣ እፈልጋለሁ። ከአዲሱ በደንብ ይረክሳል። በተረፈው አዲስ የአጥንት ነት አስቆርጥ፣ ፍሬቱን አስተካክል፣ ሽቦውን ሼልድ አስደርግ። ከመርካቶ የገዛኸውን ሱፍ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደህ በልክህ እንደማስገባት ነው። እኔ ጋ ባታመጣውም ግድ የለኝም፤ ብቻ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰደው።

ያማሃ_ሰው

ፓሲፊካ ላይም ይሠራል ይሄ።

ማህሌት_ሠሪ

በጠጋኝ እስማማለሁ። ብቻ ያ የእጅ ሥራ ለሚችል ሰው ጥሩ ዕድል ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ትረስ ሮድ የሚቀይር ባለሙያ ካወቃችሁ ዋጋ አስወርዳችሁ ግዙት። እንዲህ የተሠራ ጊታር ሲጣል ያሳዝናል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሊንኩን ለእኔም በውስጥ ላክልኝ።

ሊድ_ቀበና

ልኬያለሁ። እኔ ያገለገለ ሜክሲኮ ስትራት አግኝቻለሁ፤ በ560። ፎቶውን ጠጋኝ አይቶ «ይሁን» ብሏል። አሁን የአጎቴ ልጅ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ሃርድ ኬዝ የለውም፤ አውሮፕላን ላይ በእጅ ይገባል ወይ እያለ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

በአሜሪካ ደንብ ጊታር የሚያህል መሣሪያ ሲሳፈሩ ቦታ ካለ ካቢን ይገባል። ያ ግን የአሜሪካ አየር መንገዶችን ነው የሚያስገድደው። በሌላ አየር መንገድ ከሆነ አስቀድሞ ይጠይቃቸው። በር ላይ ክርክር ለጊታር አይበጅም።

ጠጋኝ_ፒያሳ

ለምን ይከራከራል? ይፍታው። ክሩን ያላላ፣ አራቱን ብሎን ያውጣ፣ አንገቱ ይለያል። 70 ሴንቲ አይሞላም፤ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ይገባል። በጋቢ ይጠቅልለው። አካሉን በልብስ መሀል ያስተኛው። ብሎኖቹንና የብረት ሳህኗን በትንሽ ከረጢት አድርጎ አካሉ ላይ በፕላስተር ያጣብቅ። አንገቱ ይገባበት የነበረው ጉድጓድ ውስጥ ስስ ካርቶን ወይም ወረቀት ካገኘ እንዳይጥለው። ቆሻሻ አይደለም፤ የአንገቱን ዘንበል የምትይዘው እሷ ናት።

ሊድ_ቀበና

ሲደርስ እኔ ልግጠመው ወይስ ላንተ ላምጣው?

ጠጋኝ_ፒያሳ

መግጠሙን አንተው ትችላለህ። ብሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ አድርገህ አዙር፤ ወደ ድሮው መስመሩ ሲወድቅ ጠቅ ይላል። ከዚያ ወደ ቀኝ። ዝም ብለህ ከገፋኸው አዲስ መስመር ያወጣና እንጨቱን ይበላዋል። ድሪል አታስጠጋ። ክሩን ወጥረህ ከቤትህ አየር ጋር እስኪላመድ አንድ ሁለት ሳምንት ተጫወትበት፤ ከዚያ አምጣው። ወዲያው ካመጣኸው ሠርቼልህ በሳምንቱ ትመለሳለህ።